መስኮቴ ፊት ስለቆሙት ሟች

ለተከበሩ የመረጃ ሥርዓት ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እኔ ባለፈው ሳምንት ከክፍልዎ ከደረሰኝ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ በቀር ምንም አላመመኝም።

ደብዳቤው እንደሚለው፣ በቀድሞው ዘበኛችን የጡረታ ምስክር ወረቀት ላይ «ሟች» ብዬ የጻፍኩት እኔ የመዝገብ ቤቷ ጸሐፊ ነኝ፤ ሰኞም የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀርቤ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራዬ እንድሰናበት ታስቧል። ሟቹ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ወረቀቱን ይዘው መስኮቴ ፊት ቆመው ነበር፤ ወንበር ብሰጣቸው እንኳ መቀመጥ ይፈቀድላቸው እንደሆነ ተጠራጠሩ።

ነገሩ ስላልተዋጠልኝ፣ መዝገቡን ወደ ምስክር ወረቀት የሚለውጠውን፣ ባለሙያዎችዎ ኤክስኤስኤልቲ የሚሉትን ፋይል አሳትሜ ሦስት ቀን አነበብኩት። ቅሬታዬም እነሆ፦

፩. ፓራሜትር ማለት አንዱ የፋይሉ ክፍል ለሌላው የሚያቀብለው መረጃ ነው። እኔ «በሕይወት ያሉ» ብዬ መዝግቤያለሁ፤ የመጀመሪያው ክፍልም በትክክል ተቀብሎኛል። ወረቀቱን ለሚጽፈው ለሁለተኛው ክፍል ግን አላቀበለውም። ባዶ እጁን የቀረ ክፍል ደግሞ እንደ ሰው ተመልሶ አይጠይቅም፤ አስቀድሞ የተቀመጠለትን ቃል ድምፁን አጥፍቶ ይጽፋል። ያ ቃል «ሟች» ነው። ስንት ቃል እያለ ይህን ማን መረጠው? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

፪. መዝገቡን ማመሳከሬን የሚያሳየው ምልክት አትሪቢዩት ይባላል፤ መለጠፍ ያለበትም ወረቀቱ በጽሑፍ ከመሞላቱ በፊት ነው። በእርስዎ ፋይል ግን ከተሞላ በኋላ እንዲለጠፍ ታዟል፤ ማሽናችንም የዘገየውን ትንፍሽ ሳይል ይጥለዋል፤ ስለዚህ ወረቀቱ ሳላመሳክር የጻፍኩት ይመስላል። የክፍልዎ ምልክት ግን ሁልጊዜ በጊዜው ይለጠፋል። እጅግ ሥርዓት ያለው መዘግየት ነው።

፫. ይህን ለክፍልዎ ሳስረዳ ፋይል አይሳሳትም ተባልኩ። እውነት ነው፤ የታዘዘውን ሠርቷል። እኔ ያጣሁት ያዘዘውን ሰው ብቻ ነው።

በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ሙያ ስላስተማሩኝ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እያመሰገንኩ፣ እስከ ሰኞ ድረስ ታዛዥዎ የሆንኩ፣

የመዝገብ ቤቷ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
በሕይወት ላሉት ሟች

ማስታወሻ፦ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውም የወጣው ከዚያው ፋይል ነው። «ጥፋተኛ» የሚለው ፓራሜትር ምንም ካልቀረበለት የሚጽፈው የእኔን ሙሉ ስም ነው። በፋይሉ ግርጌ ያለው የለውጥ ዝርዝር እንደሚያሳየው፣ ያ መስመር የገባው ዘበኛው በወረቀት ከመሞታቸው አራት ወር በፊት ሲሆን፣ ያስገባውም በእርስዎ የይለፍ ቃል የገባ ሰው ነው። ማን እንደሆነ ሰኞ ኮሚቴው ፊት እንዲያጣሩልን በትሕትና እለምንዎታለሁ።