ኅዳር ሦስት ቀን ማን ፈረመ?

ውድ ፀሐዬ፣

ስልኬን ካላነሳህ ሃያ ሦስት ቀን ሆነ። ትናንት አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ሚሚ ሱቅ ሄጄ "ደብዳቤ ብጽፍለት ታደርሺልኛለሽ?" አልኳት። ሚስትህን ታውቃታለህ። "ያጣላችሁ ወረቀት፣ አሁንም ወረቀት?" አለችኝ። ግን እሺ አለች። ጽሕፈቴ ከስምንተኛ ክፍል ያለፈ አይደለም፤ ታግሠህ አንብብልኝ። ሐሙስ ኦዲተሯ ተመልሳ ትመጣለች፤ ከዚያ በፊት ልታውቀው የሚገባ ነገር አለ።

ለዚያ ሰርተፍኬት ስንት እንደደከምን አልነግርህም። እትዬ ዘመነች "ዓለም አቀፉ የጥራት ወረቀት ከሌለን የፋብሪካዬን የሕፃናት ምጥን ትልልቆቹ ገዢዎች አይነኩትም" ብለው ከተነሱ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። አማካሪው መጣ፤ ከእህል ማራገፊያው እስከ መጫኛው በር የጎደለንን ሁሉ ጻፈ። አሠራራችን በወረቀት ሰፈረ፣ ሠለጠንን፣ እርስ በርስም ተፈታተሽን። አንተማ "ይሄ ሰውዬ ስናስነጥስም ፎርም ሊያስሞላን ነው" እያልክ በሻይ ሰዓት ስታስቀን ነበር። ኦዲተሮቹ መጀመሪያ ወረቀቱን ብቻ አይተው አሳለፉን። የቀረው ሁለተኛው ነበር፤ የተጻፈውና የሚሠራው አንድ መሆኑን ቆመው የሚያዩበት።

ያን ቀን ሀዊ የምትባለዋ ወጣት ኦዲተር እኔ የምሠራበት የብረት መፈተሻ ማሽን ጋ መጥታ ፋይሉን ከመሃል ገለጠችው።

"አባቴ፣ ማሽኑ ብረት መለየቱን በየሁለት ሰዓቱ የሚሞክሩት እርስዎ ነዎት?"

"አዎ ልጄ።"

"ኅዳር ሦስትም እርስዎ ነዎት?"

ወረቀቱን አየሁት። ስሜ ታትሞበታል፤ ከሥሩ አራት ፊርማ አለ። አንዱ የስድስት ሰዓት ነው። ኅዳር ሦስት፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ቀራንዮ መድኃኔዓለም አልማዜን አፈር እያለበስኩ ነበር።

አንተ ከማሸጊያው በኩል ቆመሃል። እትዬ ዘመነች ከኦዲተሯ ጀርባ ቆመው በዓይናቸው ይለምኑኛል። "አዎ" የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበር የጠበቁት።

"ፊርማው የኔ አይደለም፤ ያን ቀን ባለቤቴን ቀብሬያለሁ" አልኩ።

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አወረደች። "እግዚአብሔር ያጽናዎት" አለችኝ፣ ከልቧ። ቆይታ መልሳ አነሳችው። "ታዲያ ማን ፈረመ?"

ስምህን አልጠራሁም፣ ፀሐዬ። ግን ዓይኔ ወዳንተ ሄደ። የሁሉም ዓይን ተከተለው። ኦዲተሯ ከባድ ጉድለት ብላ መዘገበች፤ እስኪታረም ድረስ ሰርተፍኬቱ ተያዘብን። እትዬ በዚያው ቀን አሰናበቱህ። ጋውንህን ሰቅለህ ስትወጣ አጠገቤ ቆም ብለህ "ወልዴ፣ አዎ ብትል ምን ነበረበት?" አልከኝ።

መልሱን ሳላውቅ ከረምኩ። መጀመሪያ ለራሴ "በሐሰት አልመሰክርም ብዬ ነው" አልኩ። ለንስሐ አባቴም እንዲሁ ነገርኳቸው፤ ደግ አደረግህ አሉኝ። ልቤ ግን አልረጋም፤ ለእሳቸውም ግማሹን ነበር የነገርኳቸው። እውነቱ፣ ያን ወረቀት ሳይ ተናደድኩብህ። አልማዜ ስትታመም "ዛሬ እንኳ አጠገቤ ዋል" ስትለኝ "ነገ" እያልኩ ከማሽኑ ጋር የዋልኩ ሰው ነኝ። ሙሉውን ለእሷ የሰጠኋት ቀን የቀብሯ ቀን ብቻ ነበር። አንተ በደግነትህ ያንኑም ለማሽኑ የሰጠህብኝ መሰለኝ። ዓይኔ ሳላስበው ነው ወዳንተ የሄደው ብዬ ብምል፣ ያ ነው የሐሰት መሐላ።

አንተ ምን አጠፋህ? ለቅሶ የወጣ ሰው ሥራ በባልደረባው ይያዛል፤ እዚያ ቤት ከገባን ጀምሮ እንዲሁ ነው። ቅጹ የተተኪ ቦታ የለውም፤ የታተመው የኔ ስም ብቻ ነው። በስሜ ፈረምክ። እትዬም ያውቃሉ። ድንኳኑ ውስጥ እጄን ይዘው "ለሥራው አታስብ፣ ፀሐዬ ቦታህን ይዞልሃል" ያሉኝ እርሳቸው ናቸው።

ዛሬ ጠዋት ጉድለቱ መታረሙን የሚገልጸውን ሪፖርት አምጥተው ፈርም አሉኝ። ሠራተኛው ማሽኑን ሳይሞክር፣ ኃላፊዎች ሳያውቁ በሌላ ሰው ስም ፈርሟል፤ ተሰናብቷል ይላል።

"እትዬ፣ ያውቁ ነበር እኮ" አልኳቸው።

"ወልደጊዮርጊስ፣ አርባ ሰው እንጀራ የሚበላበት ቤት ነው። እሱ እንደሆነ ሄዷል። ለሄደ ሰው ብለህ ያለውን ልትበትን?"

"አልሄደም፤ አባረሩት።"

"ጠቁመህ ያሳየኸው አንተው አይደለህም እንዴ!" አሉኝ።

ወጥቼ መዝገብ ክፍል ገባሁና የኅዳር ሦስትን ወረቀት ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ በፕላስተር የተለጠፈ የሽቦ ቁራጭ አለ። ከጎኑ በገዛ ጽሕፈትህ "ማሽኑ ጮኸ፤ ከአንድ ፓኬት የወጣ ነው፤ ፓኬቱ ተወግዷል" ብለሃል። ፊቱን እንጂ ጀርባውን ያየ ሰው የለም። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ያን ምጥን የማን ሕፃን ሊበላው እንደነበር ፈጣሪ ያውቃል። እኔ ስቀብር አንተ ሥራዬን በእምነት ሠርተህልኛል።

ሪፖርቱን አልፈረምኩም። በምትኩ የራሴን አንድ ገጽ ጻፍኩ፤ ፈተሻውን የሠራኸው አንተ መሆንህን፣ ለቅሶ ላይ መሆኔን ቤቱ ሁሉ እንደሚያውቅ፣ እትዬ ድንኳን ውስጥ ያሉኝንም። ሐሙስ ከሽቦው ጋር ለኦዲተሯ እሰጣታለሁ። ተደብቄ አይደለም፤ ለእትዬም አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። "እንግዲያው የልብስ ሣጥንህንም ቁልፍ አብረህ አስረክብ" ብለውኛል።

ስለ ራሴ አልፈራም። አርባውን ሰው እፈራለሁ። አማካሪው "ኦዲተር በጉድለት አይደነግጥም፣ በተደበቀ ጉድለት ነው የሚቆጣው" ሲል ሰምቼዋለሁ፤ እንዲያ ይሁን ብዬ እጸልያለሁ። ካልሆነ ግን የልጆቻቸውን ፊት እንዴት እንደማይ አላውቅም።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ፋብሪካው በር እጠብቅሃለሁ። ብትመጣ አብረን እንገባለን። ባትመጣም አልቀየምህም፤ ብቻዬን እገባለሁ። ስወጣ ግን ወደ ቤቴ አልሄድም። የመጣውን ታክሲ ይዤ ዓለም ባንክ፣ ቤትህ ድረስ እወርዳለሁ፤ የሆነውን ሁሉ፣ ከፋም ለማም፣ ከማንም በፊት ከኔ ትሰማዋለህ። ከዚያ በሩን ብትዘጋብኝ መብትህ ነው፤ ደጅህ ላይ እቀመጣለሁ።

በደልኩህ፤ ይቅር በለኝ።

ወንድምህ ወልደጊዮርጊስ
ኮልፌ ቀራንዮ፣ ማክሰኞ