ከወንጀል ነፃ

ውድ ወንድሜ ሙናዊር፣

ስልኬን ስለማታነሳ ጻፍኩልህ። ይህን የሚያደርስልህ ኻሊድ ነው፤ ከሶማሌ ተራ ዕቃ ጭኖ በየሳምንቱ ጅማ የሚመላለሰው ሾፌር። የምትሠራበትን ጋራዥ የነገረኝም እሱ ነው።

እንዲህ ሆነልህ። ያኔ አንተ የታሰርክበት የልጆች ማረሚያ ተንከባካቢ እንደሚቀጥር ማስታወቂያ አወጣ። እኔ በሳይኮሎጂ ተመርቄ ሲኒማ ራስ ፊት ለፊት ጫማ እሸጣለሁ። አመለከትኩ። ማጣራቱ ቀላል እንዳይመስልህ። የጽሑፍ ፈተና አለ፤ ሐኪም አለ። ፖሊስ ዘንድ ሄጄ የዐሥሩንም ጣቶቼን አሻራ ሰጠሁ። ከዚያ ደግሞ ሁለት ሰዎች ምን አለሽ ተራ ጀርባ፣ ሰፈራችን ድረስ መጥተው ስለ ጠባዬ ጎረቤት ጠየቁ።

እትዬ ቦሰና «እሷማ እንደ ወንድሟ አይደለችም፤ ጨዋ ናት» ብለው መሰከሩልኝ። ይህን ደስ ብሏቸው ሲነግሩኝ አመስግኜ ገባሁ። አመሰገንኳቸው፣ ሙናዊር።

ከወንጀል ነፃ የሚለውን ወረቀት ይዤ ለመጨረሻው ቃለ መጠይቅ ቀረብኩ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ወረቀቶቼን አገላብጠው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ማንም ያላወቀብሽ ጥፋት ሠርተሽ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ልል ነበር። አፌ እንቢ አለኝ።

«ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ሳለ ከጋሼ ፉርቃን ሱቅ ሞባይል ሰረቅኩ» አልኩ። «ፖሊስ ቤታችን ሲመጣ ወንድሜ እኔ ነኝ አለ። ዐሥራ አራት ዓመቱ ነበር። እዚህ ግቢ አንድ ዓመት ተቀመጠ።»

«እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?»

«መጀመሪያ ፈርቼ። በኋላ ደግሞ የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ።»

ጻፉ። «መሄድ ትችያለሽ» አሉኝ።

ስወጣ ልንጠይቅህ መጥተን የተቀመጥንበትን አግዳሚ ወንበር አየሁት። ያን ቀን በልክህ ያልሆነ ሸሚዝ ለብሰህ መጣህና መጀመሪያ የጠየቅከኝ ስለ ሒሳብ ፈተናዬ ነበር። እማዬ ስታለቅስ እግሬን በእግርህ ነካ አደረግከኝ። እንዳትናገሪ ማለትህ ነበር። ያንን ስታዘዝ ዐሥራ አራት ዓመት ኖርኩ።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። አልጮኸችም። ሻርፗን ጣል አድርጋ «ተከተዪኝ» አለችኝ። እትዬ ቦሰና ደጅ ቆመችና «ስልኩን የወሰደችው ይቺ ናት፤ ሙናዊሬ አይደለም» አለች። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ቤት። ከዚያም ቀጥሎ ያለው። ሰባት በር አንኳኳች፤ በሰባቱም አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። መጨረሻ ጋሼ ፉርቃን ሱቅ ደረስን። አርጅተዋል። «ከተፈታ በኋላ ሰላም ሲለኝ ፊቴን አዞርበት ነበር» አሉ። ይህን አላውቅም ነበር። ከሰፈር ያስወጣህ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ውጤቱ ትናንት ተለጠፈ። በተጠባባቂነት ሁለተኛ ነኝ። ከጠሩኝ እሄዳለሁ፤ ካልጠሩኝም በሚቀጥለው ማስታወቂያ ደግሜ አመለክታለሁ።

ናፍቀኸኛል። ፊትህን አልረሳሁትም፤ ሳቅህ ግን እየጠፋብኝ ነው። ባለፈው ኢድ እማዬን ሙናዊር ሲስቅ እንዴት ነበር ብዬ ጠየቅኳት፤ ልታሳየኝ ሞክራ አልቻለችም።

ቅዳሜ ከእማዬ ጋር በጠዋቱ አውቶቡስ እንመጣለን። ጋራዡ በር ላይ እንጠብቅሃለን። እኔን ማየት ካስጠላህ ለእሷ ብቻ ውጣላት፤ እኔ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አይሃለሁ። አልጠራህም።

ታናሽ እህትህ
ሰዓደት