ሙሰሎቹ እስኪሞሉ

ውድ ብሬሾ፣

ይህ ደብዳቤ ከሽያጩ ውል ቀድሞ ቢልባኦ እንዲደርስህ እየተቻኮልኩ ነው የምጽፈው። የእናታችን ድርሻ በአንተ ስም ስለሆነ ያለ አንተ ፊርማ፣ ባሕሩ ላይ ተንሳፎ ዛጎላሞቹን በገመድ አንጠልጥለን የምናረባበት የሙሰል ርብራባችን አይሸጥም። እባክህ እስከ ጥቅምት አትፈርም።

ገዢው ፋንዲኞ ሰኞ ዕለት መጣ። ከርብራቡ አንድ ገመድ ስበን አወጣንና ሙሰሎቹን እዚያው ጀልባው ላይ ቀቀልንለት። የሚያዝያን ነገር ታውቀዋለህ፤ እንቁላላቸውን ለባሕሩ ለቀው ጨርሰዋል። ዛጎሉ ሲከፈት ሥጋው ጥግ ይዞ ኩርምት ብሏል፤ ከመሳሳቱ የተነሳ ብርሃን ያሳልፋል።

«ኤላዲዮ፣ ቅርፊት ነው እንዴ የምትሸጥልኝ?» አለው አባባን።

«በጥቅምት ብትመጣ ዛጎሉን ሞልቶ ታገኘው ነበር» አልኩት እኔ።

«በጥቅምትማ ዋጋውን መች እችለዋለሁ? ዩኒቨርሲቲ ሄደሽ የተማርሽው ይህንን ነው?»

«አይ፣ ሌባ በስንተኛው ወር እንደሚመጣ ነው የተማርኩት።»

አባባ ሳይቀር ሳቀ። ከዚያ ግን ፋንዲኞ ያለውን ዋጋ ሳይከራከር ተቀበለው። አባባ፣ ብሬሾ። ለአንድ ቅርጫት ግማሽ ቀን የሚጨቃጨቀው ሰው።

ስንመለስ ለምን አልኩት።

«ሙሰሉ እስከ ጥቅምት መልሶ ይወፍራል፤ የእኔ ጉልበት ግን መልሶ አይድንም። እስከዚያ ገመዱን ማን ይጎትታል?»

«እኔ።»

«አንቺማ ለሥራ ቪጎ ትሄጃለሽ። ባሕር ላይ እንድታረጂ አይደለም ያስተማርኩሽ።»

ለመመረቂያ ጽሑፌ ወር በወር ሥጋቸውን እያደረቅሁ የመዘንኩት፣ ስኳሩንና ስቡን የለካሁት ከእኛው ገመድ ወስጄ ነው። የሰሜኑ ነፋስ ቀዝቃዛውን ውሃ ከሥር ሲያወጣው ምግብ ይዞላቸው ይመጣል፤ እነሱም ስንቃቸውን ያከማቻሉ። ኋላ ያንኑ ስንቅ እንቁላል አድርገው ይለቁትና ባዷቸውን ይቀራሉ። ያው ሙሰል፣ ያው ገመድ፤ በጥቅምት ጣፋጭ ሥጋ፣ በሚያዝያ የጨው ውሃ። ማንም በሚያዝያው አይቶ እንዲፈርድብን አልፈልግም።

ግን ልደብቅህ አልችልም፤ ነገሩ ዋጋው ብቻ አይደለም። ስማር ሳለሁ ከዚህ ሽታ የማመልጥበትን ቀን ነበር የምቆጥረው። አሁን ገና ዓይኔን ስገልጥ ወደ መስኮቱ እሮጣለሁ፣ ነፋሱ ወዴት እንደዞረ ለማየት። ገመዶቹን አራርቄ ብሰቅላቸው፣ ግማሾቹን ወደ ውጪው ውሃ ባወጣቸው እያልኩ መቀመጥ አቅቶኛል።

ሥራ የሰጠኝ የቪጎው ቤተ ሙከራ መልሴን ይጠብቅ ነበር። ዛሬ ጠዋት ደውዬ አልመጣም አልኳቸው። አንተን ብጠብቅ «ሂጂ» ትለኛለህ፤ ካልከኝ ደግሞ እሄዳለሁ።

በጥቅምት ና። ራስህ ቀቅለህ ቅመስ። ያኔም ይሸጥ ካልክ አልከራከርህም።

አባባ ገና አልሰማም። ታች ቁጭ ብሎ ለቪጎ የምይዘውን ሻንጣ ዚፕ እየጠገነ ነው። ይህን እንዳሸግሁ ወርጄ እነግረዋለሁ።

እህትህ ሳቤላ
ከካምባዶስ