መንሽ መስሎን

ሰኞ፣ ታኅሣሥ

ዛሬ የማማርረው በፈንታ ሽንት ነው። የእህቴ የየሺ ባል፣ የአውድማ ባልንጀራዬ ፈንታ፣ በሬዎቹን አንድ ዙር ሳያዞር ወደ ቁጥቋጦው ይሮጣል። ዘጠኝ ጊዜ ቆጠርሁ። በሬዎቹ እንኳ እሱ ሲሄድ መቆም ለምደዋል። ጣናን ነው የጠጣኸው ወይስ ዓባይን? አልሁት። "አንተ ቁጠር፣ እኔ ልሽና" ብሎኝ ሄደ። ጤፉ ተበራይቶ ሳያልቅ ፀሐይ ዘቀዘቀች።

ረቡዕ

ከትናንት ጀምሮ ሽንቱ ጠብ አላለለትም። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ። በበቅሎ ጭኜ ፍኖተ ሰላም ወሰድሁት፣ ጣልያኑ ሐኪም ዘንድ። የጠላት እጅ አይነካኝም ሲል የነበረ ሰው፣ ሲጨንቀው ራሱ ሱሪውን ፈታ። ሐኪሙ በቀጭን የጎማ ቱቦ አወጣለት። ፈንታ አለቀሰ፣ ከዚያ ጠላቱን መረቀ። ቀጥሎ ሐኪሙ ከኋላ በጣቱ ዳሰሰው። ይህን ለሰው እንዳልናገር ፈንታ አስምሎኛል፤ ለወረቀት ግን አልማልሁም።

አስተርጓሚው የጣልያን ወታደር ነው፣ የሐማሴን ሰው። "መንሽሮ ነው። ሽንቱ እንደገና ከታገደ ቶሎ አምጣው" አለኝ።

ፈንታ መንሽ ያለ መስሎት ደስ አለው። አምና አውድማ ላይ ገለባ ስናነሣ መንሽ ጭኑን ወግቶት ነበርና፣ ጠባሳዬን ሳያይ በጣቱ አወቀ እያለ እስከ ቤት አሳቀኝ። ለየሺም መንሽሮ ማለት መንሽ ነው አልናት። መንሹን አንሥታ ለጎረቤት ሰጠችው።

ዓርብ

የደብራችን መሪጌታ ብዙ ዓመት አክሱም የተማሩ ናቸው። ይስቁልኛል ብዬ የመንሹን ነገር አጫወትኋቸው። አልሳቁም። "መንሽሮ በትግርኛ ነቀርሳ ነው፣ ልጄ" አሉኝ። ያልሰማሁ መስዬ እንደገና ጠየቅኋቸው። እንደገና ነገሩኝ።

ቅዳሴው ገብቶ ወጣ፤ እኔ ከደጀ ሰላሙ ድንጋይ ላይ ነበርሁ። ነቀርሳ። አሁን ስጽፈው እንኳ የሌላ ሰው ፊደል ይመስለኛል።

ቅዳሜ

ዛሬ የሠራሁት፦ የተለየውን ገለባ መልሼ ከምርቱ ቀላቀልሁ። በቅሎዋን ሁለት ጊዜ ውሃ አጠጣሁ፣ በሬዎቹን ረሳሁ። ሦስት ቀልድ ጀምሬ አንዱንም አልጨረስሁም።

ፈንታ ያንጎራጉራል። ዘጠኝ ጊዜ ብዬ መቁጠሬን አስቤ አፈርሁ።

የሺ ምን ሆነህ ነው አለችኝ። ጥርሴን አልኋት።

መርዶ በማለዳ ይነገራል። ገና በእግሩ የሚሄድ ሰው መርዶ ግን መቼ ነው የሚነገረው? ለእሱ ነው ወይስ ለእሷ?

ሰኞ

ጠዋት የፈንታ ሽንት እንደገና ታገደ። የፍኖተ ሰላም መንገድ በተኩስ ተዘግቷል። ፈንታ ግድግዳውን ይዞ ያቃስታል፣ የሺ ወገቡን ታሻለች። የመጣው ይምጣ ብዬ በቅሎዋን ስጭን፣ ከደጅ አንድ ሰው "ቤቶች" አለ።

ያ አስተርጓሚ ነው። የጣልያንን መለዮ ጥሏል፣ ጠመንጃው ግን በትከሻው አለ። ከድቶ ወደ አርበኞች መሄዱ ነው። ያ ሽንት የታገደበት ሰው አላስተኛኝም፣ ቤቱን በየመንገዱ እየጠየቅሁ መጣሁ አለ። ከከረጢቱ የጎማ ቱቦ አወጣ። ሐኪሙ ሲሠራ ብዙ ጊዜ አግዞታል።

የሺ ቱቦውን ቀቀለች። እኔ የፈንታን ትከሻ ያዝሁ። እንግዳው ቱቦውን ቀስ አድርጎ አስገባ፤ ሽንቱ ወረደለት። ፈንታ በረዥሙ ተነፈሰ፣ ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው።

የሺ ለእንግዳው ጠላ ቀዳችለት፤ ዋንጫውን ግን ከእጇ አልለቀቀችም። "መንሽሮ ያሉት ምንድን ነው? መንሽ ቢሆን ኖሮ ወንድሜ ቀልዱን አያቆምም ነበር" አለችው።

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ።

"እኔ ልንገርሽ፣ የሺ። ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ" አልኋት።