ፌስታል የማይገባበት ሳምንት

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

የዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለው ቁም ሣጥን ዛሬ በራሱ ጊዜ ተከፈተ። ማንም አልነካውም። ፌስታሎቹ ናቸው ከውስጥ ገፍተው የከፈቱት። መቼም በየሰው ቤት ፌስታል የታጨቀበት አንድ ፌስታል አይጠፋም፤ የእኛ ሦስት ሆኗል። ሶስና ከሥራ እንደገባች ወለሉ ላይ ዘረገፈችውና መቁጠር ጀመረች። ሰማንያ ላይ ስትደርስ ተወችው። የሚበዛው ጥቁር ነው።

«እማዬ፣ መከልከሉ አይቀርም እየተባለ ነው፤ ለምን ቀድመን አንለምድም?» አለችኝ። ልጄ ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ ትሠራለች፤ አዲስ ነገር ሁሉ ወደ ቤታችን የሚገባው በእሷ በኩል ነው። ባለቤቴ ግርማ ከሶፋው ሳይነሳ፣ «ሽንኩርቱን በኪሴ ልያዘው ታዲያ?» አለ።

ተስማማን። እስከ እሑድ ማታ ድረስ በዚህ በር አንድም ፌስታል አይገባም። እኔ ደግሞ ዝርዝር ስጽፍ የሥራውን ግማሽ የጨረስኩ ነው የሚመስለኝ፦

ዘንቢል፣ ለሽንኩርትና ለድንች
ጨርቅ፣ ለዳቦ
ጠርሙስ፣ ለወተት
ጀሪካን፣ ለዘይት
ክዳን ያለው ሳህን፣ ለሥጋ

ዝርዝሩን ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። ደስ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ከብሎካችን ሥር ያለው ባለሱቅ ከማል ፌስታል አልፈልግም ስለው ደነገጠ። «ምን አጠፋሁ እትዬ አስቴር? ባለፈው የፓስታው ፌስታል ቀዳዳ ስለነበረው ነው?» ተቀይሜው መስሎታል። ፌስታል ሳይሰጡ ደንበኛ መሸኘት ለእሱ እንግዳን ቁጭ በል ሳይሉ እንደ መመለስ ነው። አስረዳሁት። ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማኝና፣ ልወጣ ስል ሳሙናውን በትንሽ ፌስታል አድርጎ ዘንቢሌ ውስጥ ጣል ሊያደርግ ሲል እጁን ያዝኩት። «ለሳሙናው ብቻ!» ይለኛል።

ያላሰብኩት ነገር ደረጃው ላይ ገጠመኝ። ለካ ጥቁር ፌስታል መጋረጃ ነው! ዘንቢል ግን ሁሉን ነገር ያወራል። የመጀመሪያው ፎቅ ሰዎች ጎመኔን አዩ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንዷ «ዛሬ እንቁላል አልያዝሽም እንዴ?» አለችኝ። እሷን ምን አገባት!

ሦስተኛው ፎቅ ላይ እትዬ ከድጃ እንደ ወትሮው በራቸውን ከፍተው ልብስ ይጠቅማሉ። ከእኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው ነው የሚኖሩት፤ በራቸውን ሳላልፍ ቤቴ መግባት አልችልም፣ አልፌም አላውቅም ሳላወራ። ዘንቢሉን ሲያዩ ሳቁ። «እሰይ! እኛ ልጅ ሆነን ፌስታል የት ነበር? ሰው የሚበላውን አይደብቅም ነበር።» ቁጭ ብለን ግማሽ ሰዓት አወራን። ጎመኑ ጠወለገ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ወተቱ ተሳካ። ወተት ቤቷ ልጅ ጠርሙሴን አሽትታ «ንጹሕ ነው» ብላ ሞላችልኝ። ዳቦ ቤት ግን ሰልፉ ላይ ጨርቄን ስዘረጋ አንድ ሽማግሌ «ሴትዮዋ መሶብ ልታወጣ ነው መሰል» ብለው አሳቁብኝ። አብሬ ሳቅሁ። በጨርቅ የተያዘ ዳቦ እንደማይለበልብ ግን አላወቁም።

ቅመም ተራ አዲስ ነገር ተማርኩ፦ መጀመሪያ ባዶ ዕቃውን አስመዝኚ፣ ቀጥሎ ይሙላ። አለበለዚያ ቆርቆሮውንም በበርበሬ ዋጋ ትገዢዋለሽ።

እስካሁን የገባ ፌስታል፦ ባዶ። ግርማ ሳይቀር ከቢሮ ሲመለስ ሙዙን በእጁ አንጠልጥሎ መጣ። ታክሲ ውስጥ ሁለት ሰው የሚሸጥ ነው ወይ ብሎ ጠይቆታል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

የሥጋ ቀን። ሥጋ የሚገዛው ግርማ ነው፤ እኔ ከሄድኩ አጥንቱን ያበዙብኛል ብሎ ያምናል። ሰገነት ላይ ልብስ እያሰጣሁ «ክዳን ያለው ሳህን እንዳትረሳ» ብዬ ጮህኩለት። አልረሳም።

ከጌጃ ሰፈር ሲመለስ ፊቱ በርቷል። ባለ ሥጋ ቤቱ «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ይዞ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም» ብሎ ጮማ መርቆለታል። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እንዳመሰግነው ይጠብቃል።

ሳህኑን አየሁት። ነጭ፣ ሰማያዊ አበባ ያለበት። ሥጋውን ወደ ድስት ገልብጬ ሥሩን አየሁ፦ በቀይ የጥፍር ቀለም «ከ» ተብሎ ተጽፏል።

የእትዬ ከድጃ ነው።

በብሎካችን ሁሉም ሰው ዕቃው ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ሠርግና ለቅሶ ላይ ዕቃ እንዳይቀላቀል። ይህ ሳህን ከሦስት ሳምንት በፊት ከወሎ የመጣላቸውን የባቄላ እሸት ቀቅለው፣ ሞልተውበት የላኩልኝ ነው። ባዶውን መመለስ ነውር ስለሆነ፣ የምሞላበት ነገር እስካገኝ ብዬ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። ግርማ ደግሞ ክዳን ፈለገ፤ ከቤቱ ሳህን ክዳን ያለው እሱ ብቻ ነው። ዝርዝሩን ስጽፍ እኔ ራሴ የትኛው ሳህን ብዬ አላሰብኩም።

እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ እኛ ክርስቲያን። አሥራ ሦስት ዓመት ጎረቤት ስንሆን ለቅሶውም ደስታውም የጋራ ነው፤ ሥጋ ግን የየራሳችን ነው። ድግስ ሲኖር ድስቱም ጭልፋውም ለየብቻ ነው፣ ማንም አይከፋውም። ዕቃቸውን ወደ ቤቴ የሚልኩት ይህን እንደምጠብቅ ስለሚያምኑኝ ነው።

«እጠቢውና መልሺው። ማን ያውቃል?» አለ ግርማ።

«እኔ አውቃለሁ።»

በፈላ ውኃ ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ያበራል። ነገሩ ግን የንጽሕና አይደለም። ዝም ብዬ ብመልሰው ሳያውቁ ይበሉበታል። ብነግራቸው ደግሞ ዳግመኛ ወደዚህ ቤት ዕቃ ላይልኩ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

አልነገርኳቸውም። ጠዋት ጫማዬን በእጄ ይዤ በካልሲ በራቸውን አለፍኩ። በዚህ ዕድሜዬ!

ከማል ስኳሩን በደብተር ወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ አሁን እሱም ገብቶታል። ቤት ስፈታው የአንድ ልጅ የሒሳብ ፈተና ነው፣ ከአሥር አራት። ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ለእትዬ ከድጃ ሳላሳይ አላድርም ነበር።

ማታ ሶስና መላ አመጣች። «ቁርጥ እሱን የመሰለ ገዝተሽ መልሺላቸው።»

«ምልክቱስ?»

«ጥፍር ቀለም እኮ አለኝ።»

ተቆጣኋት። ከዚያ ቀለሙ ምን ዓይነት ቀይ እንደሆነ ጠየቅኋት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

መርካቶ ወርጄ አገኘሁት። ነጭ፣ ሰማያዊ አበባ፣ ክዳኑም ያው። ሻጩ በፌስታል ሊያደርግልኝ ሲል ቀምቼ ዘንቢሌ ውስጥ ከተትኩት። ልማዱ ያዘኝ መሰለኝ።

ሶስና «ከ»ን ጻፈችበት። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው የቱ የቱ እንደሆነ ሊጠፋን ምንም አልቀረው። «እማዬ፣ ፎርጅድ ሠራን» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። በአዲሱ ሳህን ቆሎ ሞልቼ ወረድኩ። ሐሳቤ ሰጥቶ መመለስ ነበር።

«ኧረ ምነው መጨነቅሽ» ብለው ተቀበሉኝ። ቀጥለው፣ «ደህና ነሽ ግን? ሰሞኑን ድምፅሽ ጠፋ» አሉ።

በቃ፣ አፌ አላስቻለውም። ከፌስታሉ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዝርዝሩን፣ ክዳኑን፣ ግርማን፣ ጮማውን፣ መርካቶን፣ የጥፍር ቀለሙን። ግርማ ነው የወሰደው ብዬ ጀመርኩና፣ መሐል ላይ ዕቃ ይዘህ ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ ብዬ ጨረስኩ። ስወርድ ያሰብኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ መቼም እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሬ አላውቅም።

እትዬ ከድጃ ሳህኑን ገልብጠው ማየት ፈለጉ፤ ቆሎው አለበት። ከፍ አድርገው ከሥር አዩት። «ሶስና ጽሕፈቷ ያምራል» አሉ። ፊታቸው ምንም አይነበብበትም።

«የድሮውስ?»

«ቤት ነው፣ እትዬ።»

«አንቺው ያዢው። ለሥጋችሁ ይሁን።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ሳህን ሳህን ነው፣ ይገዛል» አሉ። «እኔን ያበሳጨኝ ካልሲሽ ነው። ትናንት ጫማሽን አውልቀሽ ስትወርጂ በበሩ ክፍተት አየሁሽ። ምን ብያት ይሆን፣ ምን አስቀይሜያት ይሆን ስል ነው ያደርኩት። ለሳህን ብለሽ እንዲህ ታደርጊኛለሽ?»

ቆሎውን ይዘው ገቡ። ስወጣ ከኋላዬ በሩ ሲዘጋ ሰማሁ። ቀን ቀን ተዘግቶ የማያውቅ በር ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በራቸው እንደተዘጋ ነው። ላንኳኳ እጄን አነሳሁና ተውኩት። ጫማዬን ግን አላወለቅኩም፤ ይሰማ ብዬ ረገጥ ረገጥ አድርጌ ወጣሁ።

ሳምንቱ ዛሬ ማታ ያበቃል። ቁም ሣጥኑ አንድም አልጨመረም። ሶስና ይከበር አለች፣ ግርማ እስኪ ሥጋ በሌለበት እናክብረው አለ። እኔ ጆሮዬን ወደ ደረጃው ጥዬ ተቀምጫለሁ። ግርማ ሁለት ጊዜ አሞሽ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ከድጃ ናቸው፣ ደረጃው አድክሟቸው ቁና ቁና ይተነፍሳሉ። እጃቸው ላይ ጥቁር ፌስታል፣ ትኩስ ነገር ስላለበት ውስጡ አልቦታል።

«እንቺ። በሳህን እንዳላመጣው ግርማ ሥጋ ቤት ይዞብኝ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ።»

ግርማ ከውስጥ ሰማ። «እትዬ ከድጃ፣ እኔ እኮ...» ሲል፣ «አንተ ዝም በል፣ ጮማ የተመረቀልህ!» ብለው ጮኹበት። አልሳቁም። ይግቡ ስላቸው ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት ብለው ተመለሱ። ደረጃው ላይ ሆነው የሆነ ድምፅ አሰሙ፤ ሳቅ ይሁን ሳል አለየሁትም።

«እማዬ፣ ፌስታል ገባ» አለች ሶስና። «ሳምንቱ ተበላሸ።»

እኔ በራፉ ላይ ፌስታሉን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። ቀለዱብኝ? ወይስ ከእንግዲህ ወደዚህ ቤት ዕቃ አልልክም ማለታቸው ነው? ሁለቱም ይሆናል። እሳቸው እያዘኑም መቀለድ ይችሉበታል።

ፈታሁት። ሳምቡሳ ነው፣ ሰባት ፍሬ። እሳቸው ቤት እሑድ እሑድ የሚጠበሰው የሥጋ ሳምቡሳ ነው፤ ሽታው እስከ እኛ ፎቅ ይደርሳል፣ ዛሬም ደርሷል። አንዱን ቆረስኩት። የምስር ነው። ለእኛ ብለው ለብቻው ጠብሰውታል።