ቢሻው የጨመረው ባሌስትራ

ገንዳ ውሃ፣ ኅዳር ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለባሌ እናት፣ ለእኔም እናቴ፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? የደጋው ብርድስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ልጆቹም ደህና ናቸው። ሙቀቱ ብቻ ኅዳር ገብቶም አልለቀቀንም። እህል አልቀምስም ብለዋል ሲሉኝ አዘንኩ፤ እውነቱን ልንገርዎትና ተናደድኩም። በባዶ ሆድ ማልቀስ ማንን ይመልሳል?

ስለ ትንሹ ልጅዎ፣ ስለ ደምለው ጠይቀውኛል። በሰኔ የብሔራዊ ውትድርና ስሙ ወጥቶ ከቤት ከጠፋ ወዲህ እኛ ዘንድ አልመጣም። ይህን ደብዳቤ የሚያነቡልዎ የቀበሌው ጸሐፊ ጓድ ያረጋልም ይህንኑ ይስሙልኝ። የጎረቤቴ የአሰፋች ልጅ ከዘመተ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም፤ እሷም እንደርስዎ በር በሩን ታያለች።

አሁን ወደ ትልቁ ልጅዎ ልምጣ። ከቢሻው ጋር መኖር አቃተኝ! ለወለዱት እናቱ ካልነገርኩ ለማን አቤት ልበል? ያቺን አሮጌ አሜሪካን ሠራሽ መኪናውን ያስታውሷታል? ያቺ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሞተሯ ሲነሣ ልጆቼን ከእንቅልፋቸው የምታባንነው። ከዚህ እስከ ጠረፏ መተማ ድረስ ሰው ያመላልስባታል። እንግዲህ መስከረም ከጠባ ጀምሮ ሥራው የኋላ ባሌስትራዋ ላይ ብረት መጨመር ሆኗል። ባሌስትራ የሚሉት ከኋላ ጎማዎቿ በላይ ሆኖ ክብደቱን የሚሸከመው ንብርብር ብረት ነው። እኔ በግዴ ተማርኩት።

ከተሰበረ የጭነት መኪና አንዱን ብረት ፈትቶ ጨመረ። አልበቃውም፤ ኮኪት ድረስ ሄዶ ሌላ አመጣ። ቀጥቅጦ፣ አጉብጦ፣ በቡሎን ጠርንፎ ክሪኩን ሲያወርደው የመኪናዋ ኋላ ወደ ሰማይ ተነሣ። ሣር ልትግጥ ያጎነበሰች ላም መሰለች። ሠፈሩ ሳቀብን። ባዶዋን ስትሄድማ አነጣጠሯ ኩላሊት ያወልቃል። ባለሱቁ ሷሊህ፣ ያ ዝምተኛ ሰው እንኳ፣ አንድ ቀን ተሳፍሮ ሲወርድ ወላሂ ከእንግዲህ በአህያ ነው የምሄደው አለ።

ለምን እንዲህ ታደርጋታለህ ስለው፣ አምና የሰው ማሽላ ጭኖ ኋላዋ ዝቅ ስላለ ኬላ ላይ አስወርደው ሲፈትሹት የዋሉትን ያነሣብኛል። የፈታሾቹ ልማድ ነው፤ መኪና ገና ሲመጣ ኋላውን ነው የሚያዩት። ከተቀመጠ ያስከፍቱታል፤ ካልተቀመጠ ባዶ ነው ብለው በእጃቸው እለፍ ይሉታል። ታዲያ ይኼው ብልህ ልጅዎ ባዶዋን ይዟት ሲሄድ፣ አንዱ ፈታሽ ይቺ ደግሞ ምን ሆና ነው ኋላዋን ያነሣችው ብሎ ዞሮ ዞሮ አያት። ቢሻው ተመለሰና አንዱን ብረት አወጣ። በማግስቱ መልሶ አስገባው። ከዚያ አሳጥሮ ቆርጦ እንደገና አስገባው! እኔን አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አስቦኝ አያውቅም።

ይባስ ብሎ፣ ባሌስትራው ሲጮህ ከውስጥ አዳምጭልኝ አለና እኔን፣ የልጆች እናት የሆንኩትን ሴት፣ ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ ግቢ አለኝ። ጮህኩበት፤ አልሰማኝም። ገባሁ፣ ምን ላድርግ? ከላዬ ዘጋብኝ። እሱ ውጭ ሆኖ ከመሬት እስከ ኋላዋ በዱላ ይለካል፤ እኔ ውስጥ ተኮራምቼ በላብ እጠመቃለሁ። ስወጣ ባሌስትራህ አልጮኸም አልኩት። እሱ ግን መተንፈስ ችለሽ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ባለፈው የገበያ ቀን በቀትር ወደ መተማ ወረድን። እኔ ከፊት ከጎኑ ተቀመጥኩ። ኬላው ጋ ስንደርስ ፈታሹ ከዛፉ ጥላ ሳይነሣ ኋላዋን አየ። ኋላዋ አልተነሣም፣ አልተቀመጠምም፤ ልክ እንደማንኛውም ባዶ መኪና ቀጥ ብላ ቆማለች። በእጁ እለፉ አለን። ልጅዎ ማርሹን ያስገባው ሁለት ጊዜ ስቶ ነው። ሙቀቱ ይሆናል።

ስንመለስ ኋላዋ እንደገና ተነሥቶ ነበር። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ጭንቅላቴ ጣሪያውን ይመታል። ያን ቀን ግን አልተቆጣሁትም። ቤት እንደ ደረስን ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ከሥሯ ገብቶ የጨመራቸውን ብረቶች በሙሉ ፈታ። ያን ሁሉ ካስለፋኝ በኋላ! ምነው ስለው፣ ሥራቸውን ጨርሰዋል አለና ከደጅ ጣላቸው። አሁን ዶሮዎቹ ይሰፍሩባቸዋል።

ነጋዴዋ ዘሊካ ትናንት ከማዶ ተመልሳለች። ሙቀቱ ቢበረታም ያለው ሁሉ ደህና ነው፣ ይበላል፣ ይጠጣል አለችኝ። እርስዎም እባክዎ እህል ይቅመሱ።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ የልጆችዎን ወግ ማዕረግ ያሳይልኝ። ጓድ ያረጋልንም ስላነበቡልዎ ያክብርልኝ። ደግሞ እንዳልረሳው፣ በፍልሰታ እርስዎ ዘንድ መጥቼ ሳለሁ እያለቀሱ በጆሮዬ የነገሩኝ ስለት ነበረ። ጥላውን ለታቦቱ ያስገቡ።

እንደ ወለደችኝ እናት የምወድዎ፣
ምራትዎ