የወንበር ልብስ የሰፋሁላት መኪና

ይድረስ ለልጄ፤ እጅህ የነካው ሁሉ ይስመርልህ። እኛ ደህና ነን፤ ጣሪያውም ማፍሰሱን ትቷል።

(እማዬ ትናገራለች፣ እኔ ታናሽ እህትህ እጽፋለሁ፤ በቅንፍ ያለው የኔ ነው።)

አባትህ አዲስ መኪና «ገዛሁልሽ» ሲለኝ ወር ሙሉ የወንበር ልብስ ሰፋሁላት። ትናንት ከአከራዩ ድርጅት አንድ ሰውዬ መጥቶ ጭረት ሲፈልግባት ነው ለሦስት ዓመት ብቻ እንደተከራየናት የሰማሁት።

(መኪና ካመጣን ወዲህ በእግራችን የምንሄደው ለካ አባዬ በኪራይ ውሉ የተፈቀደለት ኪሎሜትር እንዳያልፍበት ፈርቶ ነው!)

«ለምን ዋሸኸኝ?» ስለው «መግዛት ያለንን ይጨርሳል፣ ተከራይ ብሎ የመከረኝ ልጅሽ ነው» አለኝ። (ጉድህ ፈላ!)

ብትጠይቁኝ አሮጌም ብትሆን የራሳችንን እንግዛ እል ነበር። የከፋኝ ግን ኪራዩ አይደለም፤ ሁለታችሁ እያወቃችሁ ልብስ ስታሰፉኝ መክረማችሁ ነው።

ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅህ። ከእንግዲህ ስትመካከሩ እኔንም ጥሩኝ።

(የሰፋችውን ልብስ ከወንበሮቹ ላይ ስታወልቅ አልቅሳለች። «እሱን አትጻፊ» ብላኛለች። ደውልላት።)